በቴምብር የሠራሁት ድልድይ

ለመሐንዲስ ስጦታ ልትሰጡ አስባችሁ ከሆነ ጋቢ ስጡ። ምክሬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ማብራሪያ እወዳለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ውሃ ልጠጣ ልውጣ?» ሲሉኝ ውሃ ከምንና ከምን እንደተሠራ ሳልነግራቸው አላስወጣም ተብሎ ይወራብኛል። ሐሜት ነው። ያደረግሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ልጁ ያን ያህል አልጠማውም ነበር።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ ጥፋቴን ስትሰሙ «ምስኪን፣ አያውቅ ይሆናል» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር። በሰሌዳ ላይ በሦስት ዓይነት ጠመኔ ጽፌ አስተምረው ነበር።

ትምህርት ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከግቢው በታች አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ፍየል ይራመደዋል። ሰኔ ሲገባ ግን የማዶው ልጆች ፈተና ያመልጣቸዋል፤ መስከረም ላይም ምዝገባ ያልፋቸዋል። አምና አንድ መሐንዲስ ተመድቦ መጣና በአንድ በጋ የድንጋይ ቅስት ያለው ድልድይ ሠርቶ ጨረሰ። ኢንጅነር ደሳለኝ ይባላል። ዝምተኛ ሰው ነው። በቀን የሚናገረውን ቢቆጥሩት የኔን የአምስት ደቂቃ ማስታወቂያ አይሞላም። ሥራው አልቆ ወደ አዴት ሊዛወር ሲሆን ትምህርት ቤታችን ሦስት ሰው ያለበት የስጦታ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ርዕሰ መምህሩ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ እትዬ እናትነሽና እኔ።

«ጋቢ ይሰጠው» አሉ እትዬ እናትነሽ፣ ገና ሳንቀመጥ።

«እትዬ፣ ጋቢ እኮ ሁሉም ሰው ይሰጣል።»

«ሁሉም ሰው ይበርደዋላ!»

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ነገር ግን በስልኬ አንድ ነገር አይቼ ነበር። በውጭ አገር አሮጌ ቴምብር እየገጣጠሙ ሥዕል ይሠሩና በመስታወት ፍሬም ውስጥ አድርገው ለየባለሙያው ስጦታ ይሸጡታል፤ ለሐኪም በልብ ቅርጽ፣ ለመሐንዲስ በድልድይ ቅርጽ። ይህን ለኮሚቴው አስረዳሁ። የቴምብርን ጥቅም፣ የፍሬምን ታሪክ፣ ስጦታ ከሙያ ጋር ለምን መዛመድ እንዳለበት በሦስት ነጥብ ከፍዬ አቀረብሁ።

«ቴምብር?» አሉ እትዬ እናትነሽ። «ያ በምራቅ የሚለጠፈው? ድንጋይ ጠርቦ ድልድይ ለሠራልን ሰው በምራቅ የተለጠፈ ወረቀት?»

ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩና «ሐሳቡ ያንተ ነው፤ ሥራውም ያንተ ይሁን» ብለው ተነሡ። በመሥሪያ ቤት ሐሳብ ያመጣ ሰው የሚቀጣው እንዲህ ነው።

አሁን ቴምብር ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ በስልክ በሚላላክበት ዘመን የተለጠፈ ቴምብር ማግኘት በጥቅምት ማንጎ እንደ መፈለግ ነው። ሳምንት ሙሉ ስባዝን ያዩኝ እትዬ እናትነሽ አንጀታቸው አልችል አለ። እሳቸው የቡሬ ተወላጅ ናቸው።

«ቡሬ ሐጂ ይማም አሉ» አሉኝ። «የድሮ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በጉርምስናቸው አሰብ ድረስ ይመላለሱ ነበር። የደብዳቤ መዓት አላቸው። የምትሄደው ግን በኔ ስም ነው። ልብ አድርግ!»

ልብ አደረግሁ። በማግስቱ ቅዳሜ ቡሬ ወረድሁ።

ሐጂ ይማም በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ መምጣቴን በኮቴዬ ነው ያወቁት። ሻይ አስቀዱልኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ፤ ሥዕሉ ሳይሆን የመጣሁበት ርቀት ነው ያሳቃቸው።

«መምህር ነኝ አልኸኝ? ምንድን ነው የምታስተምር?»

«ኬሚስትሪ ነው ሐጂ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ እኔን መጠየቅ አይገባም። ስኳሩን በማንኪያ አንስቼ ሻዩ ውስጥ ጨመርሁና አማሰልሁ። «አሁን ስኳሩ የት ሄደ? የጠፋ ይመስላል፤ አልጠፋም። ሟሟ። አንድ ነገር ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።»

«አይጠፋም ነው የምትለኝ?»

«አይጠፋም ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና የብስኩት ቆርቆሮ አስመጡ።

ቆርቆሮው ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ይዟል። የሚበዛው የንግድ ነው፤ ከአሰብ፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ በፖስታ የመጣ። ከሥሩ ግን አሥራ አራት ትንንሽ እጥፎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በነጭ ክር መስቀለኛ የታሰሩ፣ አድራሻና ቴምብር በላያቸው ያለ። ሐጂ እነሱን በእጃቸው ዳበሷቸው።

«እነዚህ የዘሐራ ናቸው፤ የባለቤቴ። እኔ አሰብ ስከርም እሷ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጠረች። ዘመድ ሳታስቸግር በራሷ እጅ ነው የጻፈችልኝ። ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ቴምብሩን ውሰድ፤ ለኔ ምን ያደርግልኛል። ወረቀቱን ግን መልስልኝ። ስትመጣም ቁጭ ብለህ ታነብልኛለህ። እኔ እንግዲህ ዓይኔ ከድቶኛል፤ ጎረቤት አንብብልኝ እንዳልል ደግሞ ዘሐራ አፏ አይታመንም፣ ምን ብላ እንደጻፈች ማን ያውቃል። አንተ የሩቅ ሰው ነህ።»

«በሚገባ ሐጂ። አንድም አይጎድልም» አልሁ። አንድም አልጎደለም፤ ይህን ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ቤቴ እንደደረስሁ ሥራውን በሥርዓት ጀመርሁ። ቴምብር ከወረቀት የሚለየው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በመንከር ነው፤ ሙጫው ይሟሟና ቴምብሩ ራሱ ተንሳፍፎ ይወጣል። ሦስት ሳፋ ደረደርሁ። ሳፋ አንድ ለመንከሪያ፣ ሳፋ ሁለት ለማጠቢያ፣ ሳፋ ሦስት ለመጠባበቂያ። የንግድ ደብዳቤዎቹን ከየፖስታቸው አውጥቼ ለብቻ አስቀመጥሁ፤ ፖስታዎቹን ነከርሁ። እንዳነበብሁት ሆነ። ቴምብሮቹ እንደ ዓሣ ልጅ ብቅ ብቅ አሉ። ከራሴ ጋር እጅ ተጨባበጥሁ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የዘሐራ እጥፎች። ከአንድ እስከ አሥራ አራት በእርሳስ ቁጥር ሰጠኋቸው። ቁጥር አንድን ከላይ ሳነሣት ወረቀቷ አርጅቶ ነበርና ትልቁ ቴምብር ከነተለጠፈበት ቁራጭ በእጥፋቱ ላይ ተቀንጥሶ እጄ ላይ ቀረ። «ጎሽ፣ ይህ መንከር አያስፈልገውም» ብዬ ለብቻ አኖርሁት። ጀርባውን ገልብጦ ማየት በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። በቀረው ወረቀት ላይ ሌላ ትንሽ ቴምብር ስለነበረች እሱን ከወንድሞቹ ጋር ደመርሁት።

ክራቸውን አልፈታሁም። ለምን? ጨዋ ስለሆንሁ። የሰው ደብዳቤ፣ ያውም የሚስት ደብዳቤ፣ ባለቤቱ በሌለበት አይከፈትም። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ውጭው ፖስታ፣ ውስጡ ደብዳቤ ነው ብዬ ነበር፤ ላዩን ብቻ በስሱ አርጥቤ ቴምብሩን ላላቅቅ። እንግዲህ ስድ ብሆን ኖሮ፣ የሰው ምስጢር ማነፍነፍ የምወድ ብሆን ኖሮ፣ አንዱን ክር ፈትቼ አይ ነበር። ዘሐራ ፖስታ እንዳልነበራት አይ ነበር። አንዲት ቅጠል ወረቀት፤ በውስጥ ገጿ ጽፋ፣ አጥፋ አጥፋ፣ በውጭ ገጿ አድራሻና ቴምብር። ደብዳቤውም ፖስታውም እሷው ናት። አሥራ አራቱንም ከነክራቸው ሳፋ አንድ ውስጥ አስተኛኋቸው።

ውሃው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ።

ደነገጥሁ። የቴምብሮቹ ቀለም እየለቀቀ መስሎኝ ነው የደነገጥሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ቴምብሮቹ ደህና ናቸው። «ተመስገን» አልሁ። በሕይወቴ ያለ ቦታው ያልሁት ተመስገን ይኸ ነው። ሰማያዊው ከየት እንደሚመጣ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ቁጥር ሰባትን አውጥቼ ክሩን ስፈታው ፊደል በነበረበት ቦታ ላይ ደመና አየሁ። ቁጥር ስምንት፣ ደመና። ቁጥር ዘጠኝ የለየለት ነጭ። የጻፈችው በቀለም ብዕር ነው። በቀለም ብዕር የተጻፈ ነገር ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለዘጠነኛ ክፍል በምዕራፍ ሁለት እናስተምራለን።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። እኔ አፍሻለሁ። ሰማያዊውን ውሃ እንዳይደፋ ሳፋ ሦስት ውስጥ ገልብጬ ከአልጋዬ ሥር ሦስት ቀን አቆይቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወረቀቶቹን ግን በገመድ ላይ በየቁጥራቸው አሰጣኋቸው። ጎረቤቴ አልፎ ሲሄድ «መምህር፣ ነጭ ወረቀት ታጥባለህ እንዴ?» አለኝ። ምን እላለሁ? «አዎ» አልሁት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሽኝቱ ነው። ሥራው ይቀጥል ወይስ ይቅር? ቢቀር ጥፋቱ ያለ ጥቅም ሊቀር ነው አልሁ፤ ሞኝ ሰው ሁልጊዜ የሚያስበው እንዲህ ነው። ቴምብሮቹን በቀለም ለይቼ ካርቶን ላይ ድልድይ ሠራሁ። ሌሎቹን በደንብ ኮላ ቀባሁ፤ ያን የተቀነጠሰውን ትልቅ ቴምብር ግን ወፍራም ስለነበር ካርቶኑን በአራት ጥግ ብቻ ኮላ ነካ ነካ አድርጌ፣ ሳልገለብጠው ከቅስቱ አናት ላይ፣ መሐል ለመሐል አስቀመጥሁት። አናጢው ፍሬም ገጠመለት።

ሽኝቱ ድልድዩ አጠገብ ሆነ። የማዶው ገበሬዎች ቀድመው ለኢንጅነሩ ጋቢ ደረቡለት። እትዬ እናትነሽ ወደኔ ዞረው አዩኝ። እኔም ፍሬሜን ይዤ ወጣሁ፤ ንግግር አደረግሁ። ስለ ቴምብር ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ሁሉ የመሐንዲሱ መሄድ አስከፍቶኝ መሰለው። አጨበጨቡ።

ኢንጅነር ደሳለኝ ሥዕሉን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በጣቱ ወደ ግራው ዳር አመለከተ።

«መምህር፣ ቅስቱ በዚህ በኩል ያረፈው ምን ላይ ነው?»

«ቴምብር... አልቆብኝ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ይወድቃል» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ተጠንቅቆ። ቀጥሎ አናቱን ነካ አደረገ። «ይቺ ግን ቅስቱን ቆልፋ የምትይዘው ቁልፍ ድንጋይ ናት። እሷ ቦታዋን ይዛለች።» ለሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ሁለት ሳምንት ቡሬ አልሄድሁም። እትዬ እናትነሽ በየጠዋቱ «የሐጂን ዕቃ መለስኸ?» ይሉኛል፤ እኔ «ቅዳሜ» እላለሁ። በመጨረሻ ቅዳሜው አለቀብኝ።

ሐጂ በረንዳቸው ላይ ትራስ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ሻይ ቀረበ። ልናገር አፌን ስከፍት «በል እንግዲህ፣ ኸላይኛዋ ጀምርልኝ» አሉና ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ሳይ አፌ ተከደነ። እና... ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ባዶውን ወረቀት ዘርግቼ ማንበብ ጀመርሁ።

«ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ባለቤቴ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ...»

«ቆይ ቆይ» አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይህን ዘሐራ ጻፈችው?»

«አዎ ሐጂ።»

«ዘሐራ እንደምን ሰንብተሃል ብላ ጽፋ አታውቅም። እሷ ኸነገሩ ነው የምትጀምረው። እስቲ ወዲህ በላት።»

ሰጠኋቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል ይዘው ጫፉን አሹት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ረስቼው ነበር፤ እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲያሹ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። አዲሱን ካሮጌው፣ ያልታጠበውን ከታጠበው በጣት የሚለዩ።

«ይኸ ወረቀት ታጥቧል» አሉ።

ወረቀቷን ጭናቸው ላይ አኖሩና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሁለተኛዋን አምጣት።» አሹት። «ታጥባለች።» ሦስተኛውን። «ይኸም።» አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ዳሰሱ። እኔ በየቁጥራቸው አቀብላቸው ነበር፤ ሥርዓቱ አልተጓደለም።

«እና» አሉኝ መጨረሻ ላይ፣ «አልጠፋም፣ ሟሟ ልትለኝ ነው?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ያለ ነጥብና ያለ ንዑስ ርዕስ የተናገርሁት የሕይወቴ ብቸኛ ንግግር ነው። ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቁጥር አንድን መልሰው አነሡና የተቀነጠሰውን ቀዳዳ በጣታቸው ዞሩት።

«ይች ጎደሎዋስ? የጎደለው የት ገባ?»

«እሱ አልተነከረም ሐጂ፤ ደረቁን ነው የተለጠ...»

አፌ ላይ ቀረ። ዘሐራ በውስጥ ገጽ ከጻፈች፣ ከቴምብሩ ጀርባም ጽፋለች። ያ ቁራጭ ውሃ አልነካውም። ያ ቁራጭ ደግሞ አዴት ነው፤ በመስታወት ውስጥ፣ የሰው ንብረት ሆኖ።

የሰጡትን ስጦታ መልሶ መጠየቅ በአገራችን ምን እንደሆነ ለእናንተ አላብራራም። ልጅ እንኳ ከረሜላ ሰጥቶ ሲቀማ ይሰደባል። እኔ መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን ጠብቄ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ፣ አዴት ገባሁ። በመንገድ ሁሉ የጸለይሁት አንድ ጸሎት ነበር፤ ኢንጅነሩ ሥዕሉን ጠልቶት አንድ ጥግ ወርውሮት እንዲሆን። የጠሉትን መመለስ አይከብድም።

ቢሮው ገባሁ። ከወንበሩ በላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ጋቢው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው።

«መምህር! ምን እግር ጣለህ?»

«ስጦታውን... ልወስድ ነው የመጣሁት።» ይህን ብዬ በጣም አስቀያሚ መሆኑ ስለተሰማኝ «ሙሉውን አይደለም፤ ትንሽ ብቻ» አልሁ። ይኸኛው ባሰ።

«ከድልድዩ የቱን?»

«ቁልፍ ድንጋዩን።»

ኢንጅነር ደሳለኝ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ከሠራኋቸው ድልድዮች ድንጋይ የሰረቁ ሰዎች አውቃለሁ» አለ። «መጥቶ ያስፈቀደኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ነገሩን ስነግረው ሳቁን አቆመ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ፍሬሙን አውርዶ ጀርባውን ፈታ፤ ምላጭ አምጥቶ አራቱን የኮላ ጥግ አንድ በአንድ ላጠ። እጁ ትንፋሽ የያዘ ይመስል ነበር። ቁራጩን ገልብጦ ሳያነብ ሰጠኝ፤ ጨዋነት ማለት እሱ ነው፣ በትክክለኛው ጊዜ። ፍሬሙን ከነቀዳዳው መልሶ ገጥሞ ሰቀለው።

«ሌላ ቴምብር እፈልግልሃለሁ» አልሁት።

«ተው» አለ። «መሠረትም ስለሌለው ያው ነው።»

በነጋታው ቡሬ ነበርሁ። ሐጂ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ተቀመጡ። በቁራጩ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ ትልልቅ፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ፣ አዲስ የተማረ ሰው ፊደሎች። ቃል ሳልጨምር አነበብሁ።

«አልጽፍልህ... ም ብዬ ነበር... ግን በርበሬ...»

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው ሐጂ። እዚህ ላይ ተቀንጥሷል።»

ሐጂ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ልነሣ ስል ሳቃቸው መጣ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«በርበሬው! ወላሂ፣ በርበሬው! የዓመቱን በርበሬ ግቢ አስጥታ ለቅሶ ሄደች። ዝናብ መጣና መታው፤ አንድ ጆንያ ሳይቀር። አልጽፍልህም ብዬ ነበር፣ ግን በርበሬው ዝናብ መታው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን ላድርግ ነው ያለችኝ። ይች ናት የመጨረሻዋ።»

«እርስዎ ምን ብለው መለሱላቸው?»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ አለቀ።

«አልመለስሁላትም። ተቆጥቼ ዝም አልኋት። እኔ ወረቀት ስነፍጋት እሷም ተወችው፤ ኸዚያ ወዲያ እስክትሞት ብዕር አልያዘችም። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ስለዚያ በርበሬ እኔም አላነሣሁ፣ እሷም አላነሣች።»

ቁራጩን ከእጄ ተቀበሉና የቁጥር አንድ ቀዳዳ ላይ ገጠሙት። በዓይናቸው አያዩም፤ በጣታቸው ልክ ቦታው ላይ አስገቡት። ከዚያ አጠፉት፤ ከኪሳቸው ነጭ ክር አውጥተው መስቀለኛ አሰሩት። አሥራ ሦስቱን ባዶዎችም አንድ በአንድ እያጠፉ አሰሩ። እኔ ክር እየቆረጥሁ አቀበልኋቸው።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። ላክልበት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ አልመጣልኝም።

«እንግዲህ አንተንም ዝም ብልህ» አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ «ኸዘሐራ ምኑን ተማርሁት? ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘብህ።»

ጠጣሁ። ስኳር አልጨመርሁበትም።

ልሄድ ስነሣ፣ ይህን ሳልጠይቅ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝምና፣ በርበሬው እንደምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«መልሳ አሰጣችው፤ ደረቀ» አሉ ሐጂ። «መልኩ ጠፍቶ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ እንዲያው አመድ መስሎ። እሱኑ ዓመቱን ሙሉ በላነው።»